ክራሩን ለማን እንቃኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሙዚቃ አምድ

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በለገጣፎ የምኖር የክራር ተጫዋች ነኝ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት የምንሰበሰብ ሦስት ሙዚቀኞች አለን፤ እኔ፣ ኮራ (የምዕራብ አፍሪካ ባለ አውታር መሣሪያ) የሚጫወቱ ሴኔጋላዊ ጎረቤቴና ታብላ (የሕንድ ጥንድ ከበሮ) የሚመቱ አንድ ሕንዳዊ መምህር። ፍላጎታችን የአንዳችንን አገር ዘፈን ሌሎቻችን ማጀብ ሳይሆን የሦስታችንም የሆነ አዲስ ድርሰት መሥራት ነው። ሆኖም እስካሁን የቀረጽነውን መልሰን ስናዳምጠው እያንዳንዳችን የየራሳችንን የምንጫወት ይመስላል። ክራሬን በአንቺሆዬ ስቃኝ ከኮራው ጋር ይጋጫል፤ በትዝታ ስቃኝ ይስማማል፣ ግን ሥራው ሁሉ ትዝታ ብቻ ይሆንብኛል። ታብላ መቺውም «መነሻ ድምፃችሁን ንገሩኝ» እያሉ ይጠይቁናል፤ እኛ ደግሞ በየሙከራው እንቀያይርባቸዋለን። ማን ለማን ይቃኝ? ድርሰቱን በኖታ ብንጽፈው ይሻላል? ሥራው ሲያልቅስ የማን ነው ይባላል?

የክራር ተጫዋች፣ ከለገጣፎ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የገጠማችሁ ችግር ከእርስዎም ሆነ ከጓደኞችዎ የችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ግጭቱ ተቆጥሮ የሚታይ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ «ማን ለማን ይቃኝ?» የሚለው ጥያቄ የክብር ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ከቅኝቱ ልጀምርና እዚያው ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

ኮራ 21 አውታሮች አሉት፤ 11ዱን ግራ እጅ፣ 10ሩን ቀኝ እጅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይደረድራቸዋል፤ የሚቃኘውም በሰባት ድምፆች ነው። ብዙ ተጫዋቾች መነሻቸውን ፋ ላይ ያደርጋሉ። ጎረቤትዎም እንዲሁ የሚያደርጉ ከሆነና የተለመደውን ለሜጀር የሚቀርብ ቅኝት ከያዙ፣ በኮራው ላይ ያሉት ድምፆች ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ)፣ ዶ፣ ሬ እና ሚ ናቸው ማለት ነው። አሁን የእኛን ቅኝቶች አንድ በአንድ ከእነዚህ ሰባት ድምፆች ውስጥ ይፈልጓቸው። ትዝታ ሜጀር ከፋ ሲነሳ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ነው፤ ሳይጎድል ይገኛል። ባቲ ሜጀር ከዚያው ከፋ ሲነሳ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሚ ነው፤ ይገኛል። አምባሰል ከላ ሲነሳ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ነው፤ እሱም አለ። ከሬ ቢነሱ ደግሞ ባቲ ሚነርም ትዝታ ሚነርም ሙሉ ሆነው ይገኛሉ። አንቺሆዬ ግን ከየትኛውም ድምፅ ቢነሳ አይገኝም፤ የአምስቱ ድምፆቹ አራራቅ ኮራው በተቃኘበት የሰባት ድምፅ መሰላል ውስጥ ቦታ የለውምና። እርስዎ በጆሮዎ የሰሙት ግጭት ይህ ነው፤ ጆሮዎ አልዋሸዎትም።

ከዚህ በመነሳት የምመክራችሁ ሬን የጋራ ቤት እንድታደርጉት ነው። ምክንያቱን ከታብላው ልጀምር። የታብላው ቀኝ ከበሮ የሚቃኘው ለመነሻ ድምፁ ሲሆን፣ በመዶሻ ጠርዙን እየመቱ ቢያከርሩትም ቢያላሉትም ከተወሰነ ወሰን አልፎ አይሄድም፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ መጠን ያለው ከበሮ ማምጣት ያስፈልጋል። መምህሩ መነሻ ድምፃችሁን ደጋግመው መጠየቃቸው ስለዚህ ነው፤ በየሙከራው ስትቀያይሩባቸው የመሣሪያቸውን ግማሽ ትነጥቋቸዋላችሁ። ሬ ላይ ከረጋችሁ እሳቸው አንድ ጊዜ ቃኝተው ይቀመጣሉ፤ ጎረቤትዎ አንድም አውታር አይነኩም፤ እርስዎ ደግሞ ክራርዎን በባቲ ሚነር፣ ማለትም በሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ቃኝተው ይጀምራሉ። ከዚያ ሬንና ላን ሳይነኩ ፋን ግማሽ ድምፅ፣ ሶልንና ዶን አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ሲያላሉ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት ይሆንልዎታል፤ ይህም ትዝታ ሚነር ነው። ሦስት አውታሮችን በማላላት ብቻ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ተሻገሩ ማለት ነው፤ ታብላውና ኮራው ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ። ይህን መሻገሪያ የድርሰታችሁ መካከለኛ ክፍል ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ እርስዎ በሚቃኙበት ጊዜ ኮራው ብቻውን ይናገር።

አንቺሆዬን ግን ለስምምነት ሲባል አትተዉት፤ እኔ በግሌ እንዲቀር አልፈልግም። ሁለተኛ ክራር ከሬ በሚነሳ አንቺሆዬ አስቀድመው ቃኝተው ከአጠገብዎ ያስቀምጡ። አንቺሆዬ ከሬ ሲነሳ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ነው፤ ከኮራው ጋር የሚጋራው ሬንና ሶልን ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ኮራው ሁለቱን ድምፆች ብቻ ከሥር ያሰማ፤ ሌሎቹ አውታሮቹ ዝም ይበሉ። 21 አውታር ያለው መሣሪያ በሁለት ድምፅ ተወስኖ ክራሩን ሲጠብቅ፣ ከዚያም ቅኝቱ ሲለወጥ ሙሉ ድምፁን ሲለቅ ምን ያህል እንደሚያምር ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ያላችሁትን ልዩነት ሳትደብቁ የድርሰቱ ቅርፅ ማድረግ ይቻላል፤ ከሁሉም በላይ ልነግርዎት የምፈልገው ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከላይ የጠቀስኳቸው የኖታ ስሞች ለመነጋገሪያ ያህል ናቸው። የስልክ መቃኛ ኦክታቩን፣ ማለትም ከሬ እስከ ቀጣዩ ሬ ያለውን ርቀት፣ 1200 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) አድርጎ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ እኩል 100 ሴንት ይሰጠዋል፤ የክራርም ሆነ የኮራ ተጫዋች ግን ከመምህሩ የተቀበለው ጆሮ እንዲህ እኩል ተከፋፍሎ አልተቀመጠለትም። ሬን ብቻ ከታብላው ላይ ውሰዱና የቀሩትን እርስዎና ጎረቤትዎ እርስ በርስ እየተደማመጣችሁ ቃኙ። አንዳንዱ ድምፅ የስልኩ መርፌ ከመሃል ፈንጠር ያለ ይሆናል፤ ተዉት። ክረምት ሲገባ ደግሞ የክራሩ፣ የኮራውም ሆነ የታብላው ፊት ቆዳ መሆኑን አትርሱ፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ሦስቱም ይረግባሉ፣ እኩል ግን አይረግቡም። ከመቅረጻችሁ በፊት መሣሪያዎቹን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ድምፆቹ ተስማሙ ማለት ዜማዎቹ ተስማሙ ማለት አይደለም። መምህሩን ቡፓሊ ስለሚባለው ራጋ (የሕንድ የዜማ ሥርዓት) ቢጠይቋቸው አምስቱ ድምፆቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ መሆናቸውን በዓይንዎ ያያሉ። ነገር ግን እዚያው ሕንድ ውስጥ ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ በእነዚያው አምስት ድምፆች የሚሄድ ሲሆን፣ ቡፓሊ በሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲያርፍ ዴሽካር በስድስተኛው ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው አያምታታቸውም። የባቲ ሜጀር አምስት ድምፆችም በጃፓን ደቡብ በኦኪናዋ ደሴቶች የሕዝብ ዜማ ውስጥ ይገኛሉ፤ የኦኪናዋ ዘፈን ግን ባቲ አይደለም። ቅኝትን ቅኝት የሚያደርገው የት እንደሚያርፍ፣ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚለጠጥና እንደሚርገበገብ ነው። የእናንተ ቅጂ እያንዳንዱ የየራሱን የሚጫወት የመሰለው፣ ድምፆቹ ሲገጥሙ ማረፊያዎቹ ስላልገጠሙ ይመስለኛል።

ይህን የሚፈታው ደግሞ መሣሪያን አስቀምጦ በአፍ መዝፈን ነው። ለሚቀጥሉት ሦስትና አራት ቅዳሜዎች አዲስ ነገር ለመድረስ አትሞክሩ። እያንዳንዳችሁ ከየአገራችሁ አንድ አንድ አጭር ዜማ ለሌሎቹ አስተምሩ፤ ተማሪዎቹም በአፋቸው አስተካክለው እስኪዘፍኑት ድረስ መሣሪያ አያንሱ። እርስዎ ጎረቤትዎን አንድ የትዝታ አዝማች ሲያስተምሯቸው የት ላይ እንደሚሳሳቱ በደንብ ያስተውሉ፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ቅኝቱ ከእነሱ የሚለይበት ቦታ ነው። ከዚያ ስህተት ውስጥ አንዱ ለድርሰታችሁ የመጀመሪያ ሐረግ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ከሌሎች አገር ሙዚቀኞች ጋር በሠራሁባቸው ጊዜያት ጥሩ ሐሳብ የመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ምቱንም እንዲሁ በአፍና በእጅ ጀምሩት። የእኛ ችክችካ በስድስት ምት ይሄዳል፤ የታብላው ዳድራም ስድስት ምት አለው፣ «ዳ ዲን ና፣ ዳ ቲን ና» ተብሎ በአፍ ይቆጠራል። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ወዲያው የገጠመ ይመስላል። ነገር ግን ዳድራ የመጀመሪያውን ሦስት ምት ሙሉ አድርጎ ሁለተኛውን ሦስት ባዶ፣ ማለትም ቀለል ያለ፣ ያደርገዋል፤ በችክችካ የሚያጨበጭብ ሰው ግን ይህን ባዶ ቦታ አያውቀውምና እዚያም ላይ በሙሉ ክንዱ ያጨበጭባል። ተነሥታችሁ ቁሙና እርስዎ በትከሻዎ፣ መምህሩ በአፋቸው፣ ጎረቤትዎ በጭብጨባ አሥር ደቂቃ ያህል ተመላለሱበት። ጭብጨባው በባዶው ቦታ ላይ ሲቀል፣ ታብላው ደግሞ ለትከሻው ሲል ከበድ ሲል ይሰማችኋል።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ከውጭ ከመጡ ሙዚቀኞች ጋር በተሠራ ሥራ ላይ ተገኝቼ ነበር። ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ከበሮው ሁሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ቀን አንድ አንጋፋ ማሲንቆ መቺ ተጠሩ። የጆሮ ማዳመጫ አድርገው የተዘጋጀውን ሰሙና ቀስታቸውን አነሡ። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ከኪቦርዱ ትንሽ ዝቅ ይሉ ነበር፤ «ከፍ ያድርጉት» ተባሉ። ጣታቸውን አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ፣ የሩዝ ፍሬ ታህል ወደ ታች ገፋ አደረጉና ገጠመ። ሦስት ጊዜ ተቀረጸ፤ ሦስቱም ጊዜ ልክ ነበር። ነገር ግን የማሲንቆው እንጉርጉሮ እዚያች የሩዝ ፍሬ ላይ ቀረ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ምስጋና ተሰጥቷቸው ሄዱ፤ በተለቀቀው ሥራ ላይም ማሲንቆው ለሰላሳ ሰከንድ ያህል ከሩቅ ይሰማል። ኪቦርዱን በቀላሉ ዝቅ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ማንም አላሰበበትም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጌጥ ሆኖ ለመግባት የተጠራ መሣሪያ ከመጨረሻ ይጠራል፤ ባለቤት የሆነ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ነው። እናንተ በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለ ጅምር ላይ ናችሁ።

የእኛ አገር ሙዚቃም ቢሆን ከሌሎች ጋር መገናኘትን ዛሬ አልጀመረውም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል፣ የእኛንም ዜማዎች ለትልልቅ ባንዶች አቀናብረዋል። በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የላቲን ምትን ከእኛ ቅኝቶች ጋር ሲያገናኙ አምስቱን ድምፆች በዜማው ላይ አጽንተው አሥራ ሁለቱን ድምፆች ለማጀቢያው ሰጡ፤ የማይነካውን አስቀድመው ስለለዩ የቀረውን በነፃነት ሠሩበት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ሲጫወቱም ለውጡን ያደረጉት ሆላንዳውያኑ ነበሩ፣ ሽለላው ሽለላ ሆኖ ቀጥሏል። ለእናንተ አሠራር የሚቀርበው ግን ግብፃዊው ሚና ጊርጊስና ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት መክሊት ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረቱት የናይል ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ በአስዋን የተሰበሰቡት የተፋሰሱ አገሮች ሙዚቀኞች አንዱ የሌላውን ቅኝትና ምት እየተማሩ በጋራ ደርሰዋል። የእኛ ክራር፣ የግብፅ ሲምሲሚያ፣ የሱዳን ታንቡርና ባለ ስምንት አውታሩ የኬንያ ኒያቲቲ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውንም መድረክ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ይመሰክራል።

ስለ ኖታው፦ አስቀድማችሁ አትጻፉት። ሦስታችሁም ሙያችሁን የተቀበላችሁት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ የኮራ ባለሙያው ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ትምህርት፣ ታብላ መቺው በአፍ በሚቆጠር ምት፣ እርስዎም ምናልባት ከአንድ አዝማሪ ወይም ከአንድ መምህር አጠገብ ተቀምጠው። ይህ የጋራ ሀብታችሁ ነውና ተጠቀሙበት። ልምምዱን በስልክ ቅረጹት፤ አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የት ላይ ቅኝቱ እንደሚለወጥ፣ ስንት ዙር እንደሚሄድ ብቻ ጻፉ። አራተኛ ሰው፣ ለምሳሌ ቼሎ ወይም ክላሪኔት የሚጫወት፣ ሲጨመር ያን ጊዜ ለእሱ ሲባል ኖታ ይጻፍ።

ስለ ባለቤትነቱ የምለው አጭር ነው፤ ማመንታት ግን አይገባም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ወጥ የሆነ ሥራ ተሠርቶ ግዘፍ ካገኘ፣ ማለትም ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ፣ ለመጠበቅ ምዝገባ አያስፈልገውም። የጋራ ሥራ ከሆነ መብቱ የጋራ ነው፤ ጥበቃውም ከአመንጪዎቹ ሁሉ መጨረሻ የሚሞተው ካረፈበት በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ሆኖም ሕጉ ድርሻችሁን አያውቅላችሁም። ስለዚህ ገና ገንዘብ ሳይመጣ፣ ገና ፍቅራችሁ ትኩስ ሳለ፣ ሦስት እኩል ድርሻ እንደሆነ ወይም ሌላ የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። የሕዝብ ዜማ ካስገባችሁ የሕዝብ መሆኑን ግለጹ። ጎረቤትዎ ከቤተሰባቸው የወረሱት የኮራ ዜማ ካለም ከመጠቀማችሁ በፊት ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባ ይጠይቋቸው፤ ብዙ የኮራ ዜማ ባለ ታሪክና ባለ ዘር ነውና።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በሰበታ የምኖር ማሲንቆ መቺ ነኝ። በሌላ አገር ከሚኖር የኡድ (የዓረብ ባለ አውታር መሣሪያ) ተጫዋች ጋር በኢንተርኔት አብረን አዲስ ዜማ ለመሥራት ጀምረናል። አብረን በቀጥታ ለመጫወት ስንሞክር ምቱ ይፋለስብናል፤ እሱ የሚወደው ራስት የሚባለው መቃምም (የዓረብ ሙዚቃ ቅኝት) ለእኔ ጆሮ የተበላሸ ይመስለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ

ወንድሜ፣ በቀጥታ አብራችሁ መጫወቱን ተዉት። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ከበሮ እንኳ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል፤ ሙዚቀኞችም ከዚህ በላይ መዘግየትን በቀላሉ አይችሉትም። በአገሮች መካከል ያለው የኢንተርኔት መዘግየት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ቀርጻችሁ ተላላኩ።

ራስትን በተመለከተ፣ ጆሮህ የሰማው እውነት ነው፤ ጉድለት ግን አይደለም። የራስት ሦስተኛ ድምፅ ከሜጀሩ ዝቅ፣ ከሚነሩ ከፍ ብሎ በመካከል የተቀመጠ ነው። ኪቦርድ ይህን ድምፅ እንዲሁ አያገኘውም። ማሲንቆ ግን እንደ ኡድ ሁሉ በአንገቱ ላይ የድምፅ መከፋፈያ የሌለበት መሣሪያ ነው፤ ጣትህም አውታሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ የፈለግኸው ቦታ ላይ ማቆም ትችላለህ። ጓደኛህ ያንን አንድ ድምፅ ብቻ ለሁለት ደቂቃ ያህል እያስረዘመ እንዲልክልህ ጠይቀው፤ ጠዋት ጠዋት ቀስትህን ከእሱ ጋር ጎትት፤ ሳምንት ሳይሞላ ጣትህ ቦታውን ያገኘዋል።

ከዚያ የመጀመሪያውን ሐረግ አንተ ጀምር። የኮምፒውተር ምት ቆጣሪ ሳታስገባ፣ ድምፅ የሚያስተካክል መሣሪያም ሳትጠቀም፣ ያልታመቀ ፋይል አድርገህ ላክለት፤ በመግቢያው ላይ አራት ጊዜ አጨብጭብ፤ እሱም ከጭብጨባው ላይ ተነሥቶ የራሱን ያስገባል። የእሱ መልስ ሲመጣ አንተ የላክኸውን መልሰህ በአዲስ ቅረጽ እንጂ የመጀመሪያውን አትያዘው፤ የእሱን ከሰማህ በኋላ ቀስትህ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣልና።